ያውቁ ኖሯል? ጉበት ሲሰባ የጢቾ ፍሬና ቅጠል ምን ይፈይዳል

ጢቾ ከአሰላ ሲታይ ከጭላሎና ከገለማ ተራሮች ማዶ፣ በምሥራቅ በኩል ያለች የአርሲ ደጋ ከተማ ናት። ዛሬ የጠና ወረዳ መቀመጫ ስትሆን በድሮው አከላለል ደግሞ አንድ ሙሉ አውራጃ በስሟ ይጠራ ነበር። ዙሪያዋ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ተልባ ይዘራል። ወደ ወይናደጋው ዝቅ ሲሉ ሰንሰልና ግራዋ በየአጥሩ ጥግ ይታያሉ። ሐኪም «ጉበትዎ ላይ ስብ አለ» ሲል ከእነዚህ ዕፅዋት የትኛው ይረዳል? የትኛውስ ይጎዳል? የዛሬው ዓምዳችን ይህንኑ ይዞ ቀርቧል።

በጉበት ውስጥ ያለው ስብ ከ5 በመቶ ሲያልፍ ጉበቱ «ሰብቷል» እንደሚባል ያውቁ ኖሯል? በዓለም ላይ ከ10 አዋቂዎች 3 ያህሉ እንዲህ ያለ ጉበት አላቸው። ብዙዎቹ አያውቁትም፤ ለዓመታት አያምም፣ ዓይንም ቢጫ አያደርግም።

የወፍ በሽታ ግን ሌላ ነው። ዓይን ቢጫ ሲሆን ሕዝቡ የወፍ በሽታ የሚለው ነገር ከሄፓታይተስ ቫይረስ፣ ከሐሞት ጠጠር ወይም ከመርዝ ሊመጣ ይችላል። በየሰፈሩ «ለጉበት ፍቱን ነው» እየተባለ የሚሰጠው ቅጠል ዝናውን ያገኘው በዚሁ ቢጫነት ነው። ስቡ ደግሞ ያለ ምርመራ መሣሪያ አይታይም፤ አያቶቻችን ያላዩትን ነገር ሊያክሙ አይችሉም ነበር። ስለዚህ «ለስብ ጉበት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ መድኃኒት» የሚል ሰው ሲያጋጥምዎ ይጠንቀቁ። ይህን ልዩነት ሳይዙ ቀጥሎ ያለውን ማንበብ ያሳስታል።

ጉበትን ለማስባት ጮማ መብላት የግድ እንዳልሆነስ? ፈረንሳዮች ለገበታቸው የሚያወጡትን የሰባ የዝይና የዳክዬ ጉበት የሚያገኙት ወፎቹን በቆሎ በግድ በማጉረስ ነው። ጉበት የተረፈውን ስታርችና ስኳር ራሱ ወደ ስብ ይለውጠዋል። በተለይ በለስላሳ መጠጥ ውስጥ ያለው ፍሩክቶስ የሚባለው ስኳር በአብዛኛው የሚፈጨው እዚያው ጉበት ውስጥ ነው። አልኮልም በራሱ መንገድ ያሰባዋል፤ ጠላም ይሁን አረቄ ለጉበት ልዩነቱ የመጠኑ ነው።

ቀጭን ሰውም ጉበቱ ሊሰባ ይችላል። ሚዛን ላይ የማይታየው ስብ ሆድ ዕቃ ዙሪያ ይደበቃል፤ ስለዚህ ሐኪሞች የወገብ ዙሪያንም ይለካሉ። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ካለባቸው ሰዎች ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሰባ ጉበት አላቸው።

ጉበቱ ጠባሳ ጀምሮት እንደሆነ ለመገመት ውድ መሣሪያ እንደማያስፈልግ ያውቁ ኖሯል? ፊብ-4 የሚባለው ስሌት የሚጠይቀው ዕድሜን፣ ሁለቱን የጉበት ኤንዛይሞችና የደም ፕላትሌት ቁጥርን ነው። ዕድሜ በአንደኛው ኤንዛይም (ኤኤስቲ) ይባዛል፤ ውጤቱ ፕላትሌቱ በሌላኛው ኤንዛይም (ኤኤልቲ) ካሬ ሥር ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር ይካፈላል። ከ1.3 በታች ከሆነ ከባድ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል ዝቅተኛ ነው፤ ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች መለኪያው 2 ነው። እነዚህን የደም ምርመራዎች መሥራት የሚችል ላቦራቶሪ ያለው ማንኛውም ሆስፒታል ቀሪውን በስልክ ማስያ መጨረስ ይችላል። አልትራሳውንድ በበኩሉ መጠነኛ ስብን ሊያልፈው ይችላል፤ ኤንዛይሞቹም ጉበቱ ሰብቶ ሳለ ጤነኛ ቁጥር ሊያሳዩ ይችላሉ።

እስከ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2024 ድረስ ለዚህ በሽታ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ያጸደቀው አንድም መድኃኒት አልነበረም። ያን ወር ሬዝሜቲሮም የተባለው ክኒን ጸደቀ፤ በ2025 ሴማግሉታይድ የተባለው መርፌ ተከተለ። ሁለቱም የሚታዘዙት ብግነትና መካከለኛ ወይም ከፍ ያለ ጠባሳ ለያዘው ጉበት ነው። ዋጋቸውን ለሚያውቅ ሰው፣ በጢቾ ማሳ ላይ ያለው ነገር በጥንቃቄ ሊመረመር የሚገባው ለምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

እንግዲህ ወደ ማሳው እንውረድ፤ ከተልባ እንጀምር። አርሲ በአገሪቱ ከታወቁት የተልባ አብቃዮች አንዱ ነው። በኢራን እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት የሰባ ጉበት ያላቸውን 50 ሰዎች ለሁለት ከፈለ። ሁሉም ስለ አመጋገብና ስለ እንቅስቃሴ ምክር ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ ከምክሩ ጋር በየቀኑ 30 ግራም የተፈጨ ተልባ ለ12 ሳምንት ወሰዱ። የጉበታቸው ስብም፣ ኤንዛይማቸውም፣ የጉበታቸው ጥንካሬ መለኪያም ተልባ ካልወሰዱት ይልቅ ተሻሻለ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ በትልቅ ጥናት መደገም አለበት። እኔን የሚያስደስተኝ ግን ሌላ ነገር ነው፦ የተጠና ምግብ ነው፣ የሚታወቅ ነው፣ የሚወስዱት መጠን በእጅ የሚሰፈር ነው። 30 ግራም ማለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ገደማ ነው።

ተልባን ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ ነፍቶ የመጠጣቱ ልማድ ጥሩ ምክንያት አለው። ያልተፈጨ ፍሬ ሳይፈጭ ገብቶ ሳይፈጭ ይወጣል። ጥሬው ደግሞ በጥቂቱ ሳያናይድ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር አለበት፤ እሳት ይቀንሰዋል። ዘይቱ ቶሎ ስለሚበላሽ ዱቄቱን ለወራት ማስቀመጥ አይመከርም፤ ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ መውቀጥ ይሻላል። ብርጭቆው ውስጥ የሚጨመረው ስኳር ግን ጥቅሙን ይበላዋል። በጾም ወቅት የሚቀርበው የተልባ ፍትፍት ስኳር አይነካውም፤ ለሰባ ጉበት የምመርጠው እሱን ነው።

ገብስስ? ቤታ ግሉካን የሚባል የሚለጠልጥ ቃጫ አለው። በቀን 3 ግራም ያህሉ በደም ውስጥ ያለውን መጥፎ ኮሌስትሮል ስለሚቀንስ የአሜሪካ ተቆጣጣሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 የገብስ ምግቦች ለልብ ይጠቅማሉ ተብሎ በማሸጊያ ላይ እንዲጻፍ ፈቅዷል። ይህ ለጉበትም ትልቅ ነገር ነው፤ የሰባ ጉበት ያላቸውን ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚገድላቸው የልብና የደም ሥር በሽታ ነውና። ቃጫው የሚገኘው ገብሱ ቆሎ፣ በሶ ወይም ቂንጬ ሆኖ ሲበላ ነው። የአሰላ ብቅል ፋብሪካ የሚገዛው ገብስም ከዚሁ ደጋ ነው፤ ነገር ግን ቢራ ሆኖ ሲመለስ ለጉበት የሚያመጣው ሌላ ጣጣ ነው። የአርሲ እናቶች ጩኮ ደግሞ ገብሱ ግሩም ሆኖ ቅቤው ብዙ ነው፤ ሐኪም ክብደት ቀንሱ ላለው ሰው ለበዓል ቢቆይ ይሻላል።

ጥቁር አዝሙድ በአርሲና በባሌ ይመረታል። በፓኪስታን 70 ሰዎች የተሳተፉበት አንድ ጥናት በቀን ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ግራም ለሦስት ወር የወሰዱት ሰዎች ክብደታቸውና የጉበት ኤንዛይማቸው እንደቀነሰ አሳይቷል። በኢራን የተደረጉት ተመሳሳይ ጥናቶች ውጤት የተደባለቀ ነው።

አብሽ የምግብን ስኳር ቀስ ብሎ ወደ ደም እንዲገባ ያደርጋል። ጥሩ ነው፤ ግን የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው አብሽ ሲያበዛ ስኳሩ ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰውም አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ከፍሬ ወደ ቅጠል ስንሻገር ነገሩ ይከብዳል።

በየአጥሩ የሚተከለው ሰንሰል፣ በሌላ ስሙ ስሚዛ፣ በኦሮምኛ ዱሙጋ የሚባለው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ስለ ጉበት እንደተመረመረ ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ሰንሰልንና የአህያ ጆሮ የተባለውን፣ ቀጠጢናም የሚሉትን፣ ጸጉራም ቅጠል አብረው ፈተሹ። አይጦቹ ካርቦን ቴትራክሎራይድ በተባለ መርዝ ጉበታቸው ተጎዳ፤ የቅጠሎቹ ጭማቂ ጉዳቱን ቀነሰው። ሁለቱም ቅጠሎች ለጉበት ሕመም ሲሰጡ የኖሩ በመሆናቸው ይህ ውጤት የባህል ሕክምና አዋቂዎቻችን በከንቱ እንዳልደከሙ ይነግረናል። ደስ ያሰኛል።

አሁን ደግሞ ቀዝቀዝ ብለን እናስብ። መርዝ ያቆሰለው የአይጥ ጉበት፣ በዓመታት ምግብና መቀመጥ የሰባ የሰው ጉበት አይደለም። ጥናቱ የተደረገው በተመጠነ ጭማቂ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚጨመቀው እፍኝ ቅጠል ግን ዝናብና በጋ፣ ለጋና ደረቅ ቅጠል በሆነ ቁጥር ጥንካሬው ይለያያል። በሰው ላይ ለመሞከር መጀመሪያ መርዛማነቱ፣ ከዚያ መጠኑ፣ ከዚያ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ያለው ጠባይ መታወቅ አለበት። ይህ ሥራ ገንዘብና ዓመታት ይፈልጋል። እኛ ካልሠራነው ማን ይሠራልናል? ሰንሰሉ ያለው በእኛ አጥር ነው።

ግራዋን ቺምፓንዚም ያውቀዋል። በታንዛኒያ የማሃሌ ተራሮች ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የታመመች ቺምፓንዚ የግራዋን እንጨት ልጣ መራራ ውሃውን ስትመጥ አይተው ጽፈዋል። እኛ የጠላ ጋን የምናጥብበት ይኸው ግራዋ በአይጥ ጥናቶች ጉበትን እንደሚከላከል ታይቷል። የሰው ማስረጃው ግን ገና ነው።

በኢትዮጵያ ደጋ የሚበቅል፣ ሥሩ ቢጫ የሆነ እሾሃም ቁጥቋጦ አለ፤ ሳይንሳዊ ስሙ በርበሪስ ሆልስቲ ነው። የቁጥቋጦው ወገኖች ሥራቸውን ቢጫ የሚያደርገው በርበሪን የተባለ ንጥረ ነገር በቻይና 184 ሰዎች ላይ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ውጤት እንደሚለው ለ16 ሳምንት በርበሪንን ከአመጋገብና እንቅስቃሴ ጋር የወሰዱት ሰዎች የጉበት ስብ በ52.7 በመቶ ሲቀንስ፣ አመጋገብና እንቅስቃሴ ብቻ የተከተሉት በ36.4 በመቶ ቀንሶላቸዋል። ሁለተኛውን ቁጥር ልብ ይበሉ፤ ያለ ምንም ክኒን ከሲሶ በላይ ነው። በርበሪን ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠባ እናት አይሰጥም፤ ሥሩን ቆፍሮ መቀቀልም ጥናቱ ላይ የነበረውን መጠን አይሰጥም።

በዓለም ገበያ «የጉበት ዕፅ» ተብሎ ከሁሉ በላይ የሚሸጠው ከሜዲትራኒያን አካባቢ የመጣ፣ ቅጠሉ ነጭ ዝንጉርጉር የሆነ እሾሃም ተክል ነው፤ ከዘሩ ሲሊማሪን ይወጣል። በአውሮፓ ሆስፒታሎች ገዳይ እንጉዳይ የበላን ሰው ለማትረፍ በደም ሥር ይሰጣል። ለሰባ ጉበት ግን በማሌዥያ እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት 99 ሰዎች ለ48 ሳምንት ተከታትለው ዋናው ግብ አልተመታም፤ ጠባሳውን በመቀነስ በኩል ግን ተስፋ ታይቷል። ይህን ተክል ከእኛ ኮሸሽላ ጋር አያምታቱ። እሾህ ስላላቸው ብቻ አንድ አይደሉም።

ዛሬ ለስኳር ሕመም በየጤና ጣቢያው የሚታዘዘው ሜትፎርሚን መነሻው አንድ የአውሮፓ ዕፅ እንደሆነስ? ጋሌጋ ከተባለው ተክል የተገኘው ንጥረ ነገር መጀመሪያ መርዛማ ነበር። ኬሚስቶች ለውጠው ለውጠው ገራሙን አገኙ፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን እ.ኤ.አ. በ1957 ለስኳር ሕመም አዋለው። ተክሉ እንዳለ ቢጠጣ ኖሮ ከብት እንደሚገድል ሁሉ ሰውም ይጎዳ ነበር።

ዕፅ ጉበትን እንደሚገድል የሚያስተምር ታሪክ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም። በትግራይ ታሕታይ ቆራሮ ወረዳ ከእ.ኤ.አ. 2001 ጀምሮ የመንደር ሰዎች ሆዳቸው በውሃ እየተነፋ፣ ጉበታቸውና ጣፊያቸው እያበጠ ይሞቱ ጀመር። ቫይረስ ተፈለገ፣ አልተገኘም። የኢትዮጵያና የውጭ ተመራማሪዎች ዓመታት ከለፉ በኋላ ጣታቸው የጠቆመው አጄራተም ኮኒዞይደስ በተባለ አረም ላይ ነበር። አረሙ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባለውን የጉበት መርዝ ይዟል፤ መርዙም በአካባቢው እህል ውስጥ ተገኘ። ማንም አውቆ አልጠጣውም፤ ከእህሉ ጋር ገባ። ይኸው አረም በሌሎች አገሮች ለቁስልና ለትኩሳት በመድኃኒትነት የሚያገለግል ነው። አንድ ተክል መድኃኒትም መርዝም ሆኖ እንደሚገኝ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ?

ጫትም አለ። በሐረር ሆስፒታሎች የኢትዮጵያና የኖርዌይ ሐኪሞች አብረው ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት ጫት መቃም ሥር ለሰደደ የጉበት በሽታ የመጋለጥን ዕድል እንደሚጨምር አሳይቷል፤ በበዛ ቁጥርም አደጋው ይጨምራል። ጉበቱ የሰባበት ሰው «ጫት ስኳር ያወርዳል» ሲባል አይስማ።

በአርሲ ተራሮች የሚያምረው ኮሶ ለኮሶ ትል ፍቱን ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መድኃኒት መዝገቦች ሳይቀር አስገብተውታል። በብዛት ሲጠጣ ግን ዓይን ላይ ጉዳት እንዳደረሰ እ.ኤ.አ. በ1969 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ተጽፏል። ለጉበት ስብ ኮሶ መጠጣት ምንም መሠረት የለውም።

እርድ በአልጫ ወጥ ውስጥ አይጎዳም። በክኒን ተጨምቆ ከቁንዶ በርበሬ ጋር ሲዋጥ ግን መግባቱ በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ በአሜሪካ የጉበት ጉዳት ክትትል ላይ ከእርድ ክኒን የመጡ ጉዳቶች ተመዝግበዋል። የአረንጓዴ ሻይ ክኒንም እንዲሁ ነው፦ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ የሆነው ዋና ንጥረ ነገሩ የጉበት ኤንዛይምን ከፍ እንደሚያደርግ አስታውቋል። በስኒ የሚጠጣው ሻይ በዚህ አይጠረጠርም።

ለጉበት ከሁሉ የበለጠ የሰው ማስረጃ የተሰበሰበለት ተክል ከእኛው አገር የወጣ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ቡና ነው። በብሪታንያ ከ494,000 በላይ ሰዎች ለ10 ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ተከታትለው፣ ቡና የሚጠጡት ከማይጠጡት ይልቅ ሥር በሰደደ የጉበት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ21 በመቶ፣ በዚሁ በሽታ የመሞት ዕድላቸው ደግሞ በ49 በመቶ አንሶ ተገኘ። ካፌይን የወጣለት ቡናም ጥቅም አሳይቷል፤ ስለዚህ ምስጢሩ ካፌይን ብቻ አይመስልም። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታተመ። ሰዎችን ተከታትሎ ማየት ቡናው ራሱ ማዳኑን አያረጋግጥም፤ ይሁን እንጂ ተመሳሳይ ውጤት በብዙ አገሮች ተደጋግሟል። አርሲም ቡና ያበቅላል፤ የጎሎልቻን ቡና የቀመሰ ያውቀዋል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ያለ ስኳር ቢጠጡ ለጉበት ጥሩ ጎረቤት ናቸው። እንቅልፍ የሚነሳው ወይም ልቡ የሚመታበት ሰው ግን አይገደድ።

እንዶድስ ከጉበት ጋር ምን አገናኘው? ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ቢልሃርዚያን ያስተላልፋሉ፤ የቢልሃርዚያ እንቁላል ጉበት ውስጥ ሲቀር ጠባሳ ይሠራል። እሱና ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ለዚህ ሥራ ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እንዶዱ የጉበት ጠላትን ከሰውነት ውጭ፣ ወንዝ ላይ ገደለ። መጠጣቱ ግን ይመርዛል።

ከዕፅዋት ወደ እንቅስቃሴ እንለፍ። በቆጂ ከጢቾ ጋር በአንድ ዞን ናት፤ ሯጮቹ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የወጡባት። እንቅስቃሴ ክብደት ባይቀንስም እንኳ የጉበትን ስብ ይቀንሳል። በኩባ 293 ሰዎች ለአንድ ዓመት አመጋገባቸውን አስተካክለውና ተንቀሳቅሰው፣ ክብደታቸውን 10 በመቶና ከዚያ በላይ የቀነሱት ከ10ሩ በ9ኙ የጉበታቸው ብግነት ጠፋ፤ ከግማሽ ትንሽ ባነሱት ደግሞ ጠባሳው ወደ ኋላ ተመለሰ። 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ 8 ኪሎ ነው። እስካሁን ከጠራሁት ቅጠል አንዱም ይህን አላደረገም።

ሐኪም «የባህል መድኃኒት ወስደዋል?» ሲል ብዙ ሰው አፍሮ ይክዳል። እባክዎ አይካዱ፤ የተወሰደው ተክል ካልታወቀ የጉበቱ ጉዳት ምክንያትም አይታወቅም። ከተቻለ ተክሉን ራሱን ይያዙ፤ የሚለይበት መንገድ አለ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ስምንት ቅጾች እ.ኤ.አ. በ2009 ተጠናቀዋል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክርም ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ናሙና ሲሰበስብ ቆይቷል። ባለሙያ በእርግጠኝነት እንዲለየው ቅጠል ብቻ አይበቃም፤ ከአበባው ወይም ከፍሬው ጋር አንድ ቅርንጫፍ ቆርጠው፣ በጋዜጣ መካከል ዘርግተው፣ የተቆረጠበትን ቀበሌና ቀን ጽፈው ያድርቁት።